የድረ ገጻችሁ ስም የተመዘገበው በማን ስም ነው?

በርጩማ ቤት
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ሄርማታ አካባቢ የእንጨት ሥራ አለን። አባቴ የጀመረው ነው፤ አሁን እኔና ወንድሜ ይዘነዋል። ዋናው ሥራችን የጅማ በርጩማ ነው፣ ያ ከአንድ ግንድ የሚፈለፈለው ባለ ሦስት እግሩ። ረከቦትም እንሠራለን።

የዛሬ 4 ዓመት አንድ የሰፈር ልጅ ድረ ገጽ ሠራልን። ጎበዝ ልጅ ነው፣ ሥራውም ያምር ነበር። የዶት ኮም ስም አወጣልን። ስሙን ቢዝነስ ካርድ ላይ አሳተምነው። የሱቁ ሰሌዳ ላይ አስጻፍነው። በእያንዳንዱ በርጩማ ሥር ሳይቀር በጋለ ብረት መተኮስ ጀመርን። አዲስ አበባ ያሉ ደንበኞችም፣ ውጭ ያሉ ዘመዶችም በዚያ ነው የሚያገኙን።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ደንበኛ ደወለችልኝ። "ገጻችሁ ላይ የቁማር ማስታወቂያ ነው ያለው" አለችኝ። ከፍቼ አየሁት። እውነቷን ነው።

ልጁን ፈለግኩት። ስልኩ አይሠራም። አገር ለቋል ይላሉ። ለካ ስሙ የተመዘገበው በእሱ ኢሜይል ነው። በየዓመቱ "ለድረ ገጹ" ብሎ ሲጠይቀን እንከፍለው ነበር፤ ለምን እንደሆነ ጠይቀን አናውቅም። እሱ ሲሄድ የሚያድሰው ጠፋ። የማሳሰቢያው ኢሜይልም የሚደርሰው ለእሱ ነው።

የሱቁ ካርታ በአባቴ ስም ነው። ንግድ ፈቃዱ በእኔ ስም ነው። ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ስም ግን የሌላ ሰው ሆኖ ኖሯል። አባቴ ሰላት የማያጓድል ሰው ነው። የተሸጡት በርጩማዎች ሥር ያለውን አድራሻ የሚጽፍ ሰው ቁማር ቤት እንደሚገባ ሲሰማ ቀኑን ሙሉ አልተናገረም።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። ስሙን መመለስ ይቻላል? አዲስ ካወጣን ደግሞ ዶት ኮም ይሻላል ወይስ የኢትዮጵያው ዶት ኢቲ?

ኔትወርክ ሠራተኛ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡02

አይዞህ ወንድሜ። መጀመሪያ ስሙ ጨርሶ ሄዷል ወይስ አልሄደም የሚለውን እንይ። የዶት ኮም ስም ቀኑ ስላለፈ በማግስቱ ለሌላ ሰው አይሰጥም። ብዙ መዝጋቢዎች (ስሙን የሚያስመዘግቡት ኩባንያዎች) ጥቂት ሳምንት ይታገሳሉ፣ እስከ 45 ቀን። ከዚያ ተጨማሪ ገንዘብ ከፍለህ የምትመልስበት 30 ቀን አለ። በመጨረሻ 5 ቀን ተቆልፎ ይቆይና ይለቀቃል። በዚህ መሀል ገጹ ላይ ማስታወቂያ ሊመጣ ይችላል። ማስታወቂያ ስለታየ ብቻ ተሸጧል ማለት አይደለም።

ስለዚህ የድረ ገጽ ስሞችን በዓለም ደረጃ የሚያስተባብረው አይካን የሚባለው ድርጅት የፍለጋ ገጽ ላይ ግባና ስሙን ጻፍ። የተመዘገበበትን ቀን ተመልከት። የዛሬ 4 ዓመት የሚል ከሆነ ተስፋ አለ። የቅርብ ቀን ከሆነ ሌላ ሰው ወስዶታል። (ስሙ በጨረታ ተላልፎ ከሆነ የድሮው ቀን እንዳለ ሊቆይ ይችላል። እሱን በኋላ እናየዋለን።)

ራስህን ደግሞ አትውቀስ። በፈረንጆቹ 1999 መጨረሻ ላይ ማይክሮሶፍት ራሱ ረስቷል። የሆትሜይል ተጠቃሚ የሚገባበትን ፓስፖርት ዶት ኮም የሚለውን ስም ሳያድስ ቀረ። ሰው ኢሜይሉን መክፈት አቃተው። በፈረንጆች ገና ዋዜማ አንድ ፕሮግራመር በራሱ ካርድ 35 ዶላር ከፍሎ አደሰላቸው።

በርጩማ ቤት
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡20

አየሁት። ከ19 ቀን በፊት ተመዘገበ ይላል። ባለቤቱ ተደብቋል፣ አይታይም።

ኔትወርክ ሠራተኛ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡31

እንግዲያው ሄዷል። አዝናለሁ። ዩዲአርፒ የሚባል የስም ክርክር ሥርዓት አለ። ግን ዋይፖ (የዓለም የአእምሯዊ ንብረት ድርጅት) ዘንድ በአንድ ዳኛ ለማሳየት ብቻ 1500 ዶላር ይጠይቃል። በዚያ ላይ በስሙ ላይ የንግድ ምልክት መብት እንዳላችሁ፣ ሰውየውም በክፋት እንደወሰደው ማሳየት አለባችሁ። ለእናንተ አያዋጣም። ገዥውንም "ስንት ትሸጥልኛለህ" ብለህ አትጻፍለት። እንደምትፈልገው ካወቀ ዋጋውን ይሰቅለዋል።

አሁን ከስሙ የሚብስ ነገር አለ። በዚያ ስም ኢሜይል ነበራችሁ?

በርጩማ ቤት
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡34

ነበረን። ኢንፎ ብሎ የሚጀምር። ምነው?

ኔትወርክ ሠራተኛ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡40

ስሙን የያዘው ሰው ወደዚያ አድራሻ የሚላከውን ሁሉ መቀበል ይችላል። በዚያ ኢሜይል የከፈታችሁት አካውንት ካለ ገብቶ "የይለፍ ቃሌን ረሳሁ" ይላል። መቀየሪያው ሊንክ የሚሄደው ለእሱ ነው። ያንተን የይለፍ ቃል ማወቅ እንኳን አያስፈልገውም። ዛሬ ማታ ሳትተኛ ሁሉንም ፈትሽ። ፌስቡክ፣ የባንክ ማሳወቂያ፣ የጉግል ካርታ ላይ ያለው ሱቃችሁ፣ ሁሉንም።

በርጩማ ቤት
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡48

ፌስቡክ ፔጃችን የተከፈተው በዚያ ኢሜይል ነበር። ቀየርኩት። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫም አበራሁ። የጉግል ካርታውንም አስተካከልኩ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የጨረስኩት። ስሙ ሲሄድ ኢሜይሉም አብሮ እንደሚሄድ ፈጽሞ አላሰብኩም ነበር። እግዜር ይስጥልኝ።

የጅሬን ልጅ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡15

እኔ ግን ጠቅላላ ድረ ገጽ ለምን እንዳስፈለገ አይገባኝም። ዛሬ ሰው የሚገዛው ከቴሌግራምና ከቲክቶክ ነው። ቻናል ክፈት፣ ፎቶ ልቀቅ፣ ስልክህን ጻፍ፣ አለቀ። ለዓመት ክፍያ ምን አስጨነቀህ?

በርጩማ ቤት
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡00

ቻናል አለን ወንድሜ፤ ብዙውን የምንሸጠውም በእሱ ነው። ግን ቻናሉ የእኛ አይደለም። አንድ ቀን ቢዘጋ ደንበኛው የት ይፈልገናል? በርጩማው ሰው ቤት 30 ዓመት ይቀመጣል። ሥሩ ላይ የምተኩሰው አድራሻ ቢያንስ ያን ያህል መቆየት አለበት። የራሴ ስም ካለኝ ዛሬ ወደ ቻናሉ እመራዋለሁ፣ ነገ ወደ ሌላ።

ቡና ላኪ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡20

ትክክል ነህ። እኔ በቡና ሥራ ላይ ነኝ፤ ስም ማለት ለእኛ ገንዘብ ነው። ያየሁትን ልንገራችሁ።

አምና አንድ የውጭ ገዥያችን ደወለ። "የባንክ ሒሳብ ቀየራችሁ እንዴ?" አለ። አልቀየርንም። በእኛ ስም ኢሜይል ደርሶታል። የውል ቁጥሩ ትክክል ነው፣ የጆንያው ብዛት ትክክል ነው፣ ፊርማው የእኔ ነው። የባንክ ሒሳቡ ብቻ ሌላ ነው። አድራሻውን ላክልኝ አልኩት። አየሁት፣ የእኛው ነው። ደግሜ አየሁት፣ አሁንም የእኛው ነው። በመጨረሻ ልጄ ናት ያገኘችው። በእንግሊዝኛ ፊደል አር እና ኤን ጎን ለጎን ሲጻፉ ኤም ይመስላሉ። በስማችን ውስጥ ጅማ የሚለው አለ። ጅማ ደግሞ ሁለት ኤም ነው። አንዱን ኤም አውጥተው አር እና ኤን አስገብተውበታል።

ገዥው ባይደውል ኖሮ የአንድ ኮንቴይነር ገንዘብ ነበር የሚሄደው። ከዚያ ወዲህ በውላችን ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምረናል፤ የባንክ ሒሳብ ለውጥ በኢሜይል ብቻ አይጸናም፣ በሚታወቅ ስልክ ተደውሎ መረጋገጥ አለበት የሚል።

ኔትወርክ ሠራተኛ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡05

ጋሼ ቡና ላኪ፣ ይህን ስለጻፉልን አመሰግናለሁ። ሌቦቹ የውል ቁጥሩን ካወቁ ግን ከሁለት አንዳችሁ ኢሜይል ውስጥ ገብተው አንብበዋል ማለት ነው። የእናንተን የይለፍ ቃል ቀይራችኋል? ኢሜይላችሁ ውስጥ "ወደ ሌላ አድራሻ አስተላልፍ" የሚል ትእዛዝ ተደብቆ እንዳለም እዩልኝ። ሌባው የይለፍ ቃሉ ሲቀየር እንኳን እንዲያነብ ያስቀምጠዋል።

ኤስፒኤፍ፣ ዲኪም እና ዲማርክ የሚባሉ ሦስት ነገሮችም አሉ። ከስሙ ጋር የሚገቡ መዝገቦች ናቸው። በእናንተው ስም አስመስሎ የሚልከውን ይከለክላሉ። አር እና ኤን ላይ ግን አይሠሩም፤ ምክንያቱም እሱ በሕግ የተመዘገበ ሌላ ስም ነው። እዚያ ላይ ያለው መከላከያ የልጅዎ ዓይንና ያ ስልክ ነው።

ቡና ላኪ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 9፡40

ያልከውን አየን። ልክ እንዳልከው የሚያስተላልፍ ትእዛዝ ነበረበት፣ እኛ የማናውቀው አድራሻ። አጠፋነው፣ የይለፍ ቃሉንም ቀየርን። አንድ ዓመት ሙሉ ደብዳቤያችንን ሲያነቡ ነበር ማለት ነው። ልጄ አልቅሳለች።

4ኛ ዓመት
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡30

በጣም ያሳዝናል። እኔ ተማሪ ነኝ። አድራሻ ሳይ አሁንም ግራ ይገባኛል። የባንክ ስም ያለበት ሊንክ ይላክልኛል፣ የቁልፍ ምልክትም አለው። እውነተኛውን በምን እለየው?

ኔትወርክ ሠራተኛ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡10

የቁልፉ ምልክት የሚነግርህ መንገዱ የተሸፈነ መሆኑን ብቻ ነው። በመሀል ሌላ ሰው አያነብም። መጨረሻ ላይ የተቀመጠው ሰው ሌባ ይሁን ታማኝ አይነግርህም። ቁልፉን የሚያስገኘውን ሰርተፍኬት ሌባም በነጻ ያገኘዋል።

አድራሻውን ግን እንደ እኛ ስም አንብበው። እኛ የራሳችንን ስም አስቀድመን የአባት፣ ከዚያ የአያት እንላለን። የድረ ገጽ ስምም እንዲሁ ነው፤ ልጅ፣ ነጥብ፣ አባት፣ ነጥብ፣ አያት። ዶት ኮም አያት ነው። ከእሱ በፊት ያለው አባት ነው። ከዚያ በፊት የሚመጣው ሁሉ አባት ለልጁ ያወጣው ስም ነው። ሌባም ልጁን በባንክ ስም መጥራት ይችላል፣ የሚከለክለው የለም። ስለዚህ የልጁን ስም ተወውና "የማን ልጅ ነህ?" ብለህ ጠይቅ። ከአድራሻው መጀመሪያ ከሁለቱ ያዘመሙ ሰረዞች (//) ቀጥሎ የመጀመሪያው ያዘመመ ሰረዝ (/) እስኪመጣ ድረስ ሂድ። እዚያ ቁምና ወደ ኋላ ቁጠር። አያት፣ አባት።

በዶት ኢቲ ላይ ብዙ ጊዜ አንድ ትውልድ ይጨመራል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ አድራሻ ጄ ዩ ዶት ኢዲዩ ዶት ኢቲ ነው። ኢቲ አገሩ ነው፣ ኢዲዩ የትምህርት ቤቶች ቤት ነው፣ ጄ ዩ የዩኒቨርሲቲው ስም ነው።

4ኛ ዓመት
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡25

"የማን ልጅ ነህ" የሚለው ገባኝ። ለዶርም ልጆች ነገርኳቸው።

ስለ ስም ካነሳን ዋናክራይን አስታወሰኝ። በፈረንጆቹ ግንቦት 2017 ዓለምን ያዳረሰው ቫይረስ፣ ፋይል ቆልፎ ቢትኮይን የሚጠይቀው። ያቆመው የድረ ገጽ ስም ነው። ቫይረሱ ውስጥ ማንም ያልመዘገበው ረጅም ትርጉም የለሽ ስም ነበር። ማርከስ ሀቺንስ የሚባል እንግሊዛዊ ወጣት አየውና 10 ዶላር ከምናምን ከፍሎ መዘገበው። ቫይረሱ ያ ስም መልስ ሲሰጠው ራሱን እንዲያቆም ተደርጎ ተጽፎ ነበር። ማይክሮሶፍት ማስተካከያውን ያወጣው ከ2 ወር በፊት ነው። የተጎዳው አፕዴት ያላደረገው ነው።

እህት ኮፒ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡15

እኔ ዩኒቨርሲቲው በር አካባቢ ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት ቤት አለኝ። ስለ ዶሜን (የድረ ገጽ ስም) ብዙ አላውቅም። ግን የጅማ ሰው ምስጢር የሚያልፈው በእኔ ኮምፒዩተር ነውና ይህን ማለት አለብኝ።

ሰው መታወቂያውን፣ ዲግሪውን፣ የቤቱን ውል በቴሌግራም ይልክልኛል። አትምለታለሁ፣ ይሄዳል። ፋይሉ ግን እኔ ጋ ይቀራል። ድሮ ዴስክቶፑ በሰው መታወቂያ የተሞላ ነበር። አንድ ቀን ለጥገና ልሰጠው ስል ደነገጥኩ። ይህን ሁሉ ሰው ይዤ ልሄድ ነው እንዴ? አሁን ማታ ከመዝጋቴ በፊት የዕለቱን ፋይል በሙሉ አጠፋለሁ፣ ሪሳይክል ቢኑንም ባዶ አደርጋለሁ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ሕጉ ባይኖርም ግን የሰው አደራ ነው።

ሌላው፣ ተማሪዎች እኔ ማሽን ላይ ቴሌግራማቸውን ከፍተው ሳይዘጉ ይሄዳሉ። እኔ እዘጋላቸዋለሁ፤ የሚያነብ ግን አይጠፋም። እባካችሁ ስልካችሁ ላይ ሴቲንግ ውስጥ ዲቫይስስ የሚለውን ክፈቱ። የማታውቁት ማሽን ካለ አስወጡት። አሁን፣ ይህን እያነበባችሁ።

ፍላሽ ደግሞ አለ። በቀን ስንት ሰው "ፋይሌ ሾርትከት ሆነብኝ፣ ጠፋ" እያለ ይመጣል። አልጠፋም። ቫይረሱ እውነተኛውን ፎልደር ደብቆ በቦታው በዚያው ስም ሾርትከት ያስቀምጣል። ስትነኩት ቫይረሱ ይነሳና ቀጣዩን ማሽን ይይዛል። አትንኩት። ፎርማትም አታድርጉት። መጀመሪያ በአንቲቫይረስ አጽዱት፣ ከዚያ የተደበቀውን ማሳየት ይቻላል። አንዲት ልጅ የመመረቂያ ጽሑፏን ሌላ ቦታ ፎርማት አድርገውባት መጣች። ሌላ ኮፒ አልነበራትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጽሑፍ ለሚያሠራኝ ሁሉ "ወደ ራስህ ኢሜይል ላክ" ሳልለው አይወጣም።

ኔትወርክ ሠራተኛ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡40

እህቴ፣ እንደ አንቺ ያለ ኮፒ ቤት በየሰፈሩ ቢኖር። ማሽንሽ ዊንዶውስ 10 ነው? ማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፉን በፈረንጆቹ ጥቅምት 14 ቀን 2025 አቁሟል። ብዙ ፍላሽ የሚገባበት ማሽን ስለሆነ ቅድሚያ ስጪው።

እህት ኮፒ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡44

10 ነው። ማሽኑ አሮጌ ነው፣ አዲሱን አይቀበልም አሉኝ። ለብቻው ጥያቄ እከፍታለሁ።

ጡረተኛው መምህር
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 1፡50

ልጆቼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። ለምን በራሳችን ፊደል አይሆንም? ፊደላችን ዩኒኮድ (ኮምፒዩተሮች የሚጠቀሙበት የዓለም ፊደላት መዝገብ) ውስጥ የገባው በ1999 እንደ ፈረንጆቹ ነው። ስልኩ ሁሉ ይጽፈዋል። የሱቁ ስም በአማርኛ ሆኖ አድራሻው በላቲን የሚሆነው እስከ መቼ ነው?

ኔትወርክ ሠራተኛ
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡10

ጋሼ፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው። ለአያት ስሞች፣ እንደ ዶት ኮም ላሉት ማለቴ ነው፣ የግዕዝ ፊደል ደንብ በ2017 እንደ ፈረንጆቹ በአይካን ተቀባይነት አግኝቷል። ትልቁ ሥራ የነበረው የእኛው ሞክሼ ፊደላት ናቸው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ። ሰ እና ሠ። አ እና ዐ። ጸ እና ፀ። ፀሐይ የሚለውን ቃል ሰው በስንት ዓይነት ይጽፈዋል? ሌባ አንዱን አጻጻፍ ቢይዝ፣ እርስዎ ሌላውን ቢይዙ፣ በጆሮ አንድ ናቸው። አር እና ኤን ዓይንን ያታልላሉ፤ እነዚህ ጆሮንም ያታልላሉ።

ጡረተኛው መምህር
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 4፡00

40 ዓመት "ፊደላቱን ለዩ" እያልኩ አስተምሬአለሁ። በዚህ በኩል ይመጣል ብዬ አላሰብኩም። ባለ ሱቁ ራሱ በርጩማ ይላል፣ ጎረቤቱ ባርጩማ ይላል።

ቡና ላኪ
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 4፡30

በላቲንም ያው ነው መምህር። ጅማን በእንግሊዝኛ አንድ ኤም የሚያደርግ አለ፣ ሁለት የሚያደርግ አለ። በቁቤ ደግሞ መጨረሻው ሁለት ኤ ነው። በርጩማ ቤት፣ አዲሱን ስም ስታወጣ ጅማ የሚለውን ካስገባህ ሦስቱንም አስመዝግብ። ካልሆነ አጭር፣ ሁሉም አንድ ዓይነት የሚጽፈው ስም ፈልግ።

በርጩማ ቤት
እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡15

ያላችሁትን ሁሉ ከአባቴና ከወንድሜ ጋር ተቀምጠን አነበብነው። የወሰንነውን ልንገራችሁ።

ጅማ የሚለውን ትተነዋል፤ ለአባቴ ከብዶት ነበር፣ ግን ተቀበለ። የወሰድነው የአያታችንን ስም ነው። አጭር ነው፣ በአማርኛም በቁቤም አጻጻፉ አያሻማም። ለ10 ሰው በስልክ ነግሬ አስጻፍኳቸው፤ 10ሩም አንድ ዓይነት ጻፉት።

ዶት ኮምም ዶት ኢቲም እንይዛለን። ዶት ኢቲን የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው፣ ክፍያው በብር ነው፤ እሱን በንግድ ፈቃዳችን ጀምረናል። ዶት ኮሙን በብር ከሚያስመዘግብ ሰው ገዛን። ግን ገንዘቡን ሳልሰጠው በፊት "አካውንቱ በእኔ ኢሜይል ይከፈት፣ የይለፍ ቃሉን እኔ አስገባለሁ" አልኩት። ቅር አለው። ቆየና እሺ አለ። ባለቤት በሚለው ቦታ የተጻፈው የእኔ ስም ነው፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ኢሜይሉም በዚያው ስም ሥር ያለ አይደለም፤ ስሙ ቢሄድ ኢሜይሉ አብሮ እንዳይሄድ።

ኔትወርክ ሠራተኛ
እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡40

ጎሽ! የመጨረሻው ነገር ብዙ ባለሙያም የሚረሳው ነው። ለስንት ዓመት ከፈልክ?

በርጩማ ቤት
እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡52

ለ10 ዓመት። ከዚያ በላይ አይቻልም አለኝ። ቀኑን ወንድሜም እኔም ስልካችን ላይ አስገብተናል፣ አባቴ ደግሞ የሱቁ ካርታ ባለበት ሳጥን ውስጥ በወረቀት ጽፎ አስቀምጦታል።

የድሮዎቹን በርጩማዎች ደንበኞች መልሰው ካመጡልን ከሥር ያለውን የድሮ አድራሻ በነጻ እንልግላቸዋለን፣ ቻናሉ ላይ ጽፈነዋል። እስካሁን 6 መጥተዋል። አዲሱን የመተኮሻ ብረት ዛሬ ለቀጥቃጩ ሰጥቼ መጣሁ። ሐሙስ ይደርሳል ብሎኛል።